ማናዬ አንበሳ ያየችበት እሑድ

ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጧት፣ የእህቷ ልጅ ስህን «እቴቴ፣ ዛሬ አራዊት ልናሳይሽ ነው» ስትላት ማናዬ የምትቀልድ መሰላት። አውሬ ከመቼ ወዲህ ነው አጊጠው ሄደው የሚጠይቁት? እነማናዬ አገር፣ አምባሰል ግርጌ፣ ጅቡ በጓሮ ነው የሚያልፈው፤ ዝንጀሮውም ማሽላ ሊዘርፍ ሲመጣ በወንጭፍ ነው የሚሸኘው። የአዲስ አበባ ሰው ግን አውሬውን አጥሮ፣ ቀልቦ፣ ቲኬት ቆርጦ ሊያየው ይሄዳል። ማናዬ በዚህች ከተማ ሁለት ወር ከምናምን ስትቀመጥ ብዙ ጉድ አይታለች፤ ይኼኛው ግን ከሁሉም ባሰባት።

«እናንተ ሂዱ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አለች።

ቤት እጠብቃለሁ ማለቷ ስልክ እጠብቃለሁ ማለቷ ነው። ይህን ስህንም፣ ባሏ አምሳሉም ያውቃሉ። ማናዬ ከጥቅምት ጀምሮ ያቺን ትንሽ ስልክ ከጉያዋ አውጥታ አታውቅም። አንድ ልጇ የኋላሸት ወይ ይደውላል ወይ ስለ እሱ ይደወላል። መንገዱ ተከፍቷል፣ የአገሬው ስልክም አለፍ አለፍ እያለ መሥራት ጀምሯል ሲባል ወደ ውጫሌ ልመለስ ብላ ዕቃዋን ሁለት ጊዜ ሸክፋ ነበር። ሁለቴም ስህን «ገና ይለፍና» ብላ አስቀረቻት። አሁን ደግሞ ገና አለፈና አንበሳ መጣ።

«ስልኩን አምሳሉ ይያዝልሽ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቢጠራም አትሰሚውም፤ እሱ ወዲያው ያቀብልሻል» አለች ስህን።

ማናዬ አመነችና ሰጠች። ሰው የገዛ ሙያውን በራሱ ላይ ሲሠሩበት ቶሎ አይነቃም መሰለኝ፤ አለዚያ እሷ እዚያው ላይ ነበር መንቃት የሚገባት።

ሙያዋ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማናዬ እንደ ማንኛውም የአምባሰል ሴት ጤፍና ማሽላ አብቃይ ናት። ባሏ ሽታው፣ የኋላሸት አራት ዓመት ሳይሞላው፣ ሞተባት። ከዚያ በፊት እህቷ ሞታ ልጇን ስህንን አምጥታ ነበርና፣ ሁለቱን ልጆች በአንድ ማሳ አሳደገች። በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሟ ከሰፈሯ ባልወጣ። ስሟን ያወጣው መርዶ ነው።

ገና የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ውጫሌ ገበያ መሐል አንድ ጠጪ ሰው ሽንኩርቷን ዘርግታ የተቀመጠችን ጎረቤቷን «ነፍስ ይማር፣ ወንድምሽን ሰማን» ብሏት አለፈ። ሴትዮዋ ወንድሟ ሁመራ በሰላም ሠርቶ የሚበላ ነበር የሚመስላት። እዚያው አቧራው ላይ፣ በገበያተኛው እግር ሥር ተንከባለለች፤ ሽንኩርቷን ፍየል በላው። አንስታ ወደ ቤቷ የወሰደቻት ማናዬ ነበረች። መንገዱን ሙሉ ያ ሰውዬ ላይ እንደተናደደች ሄደች፤ ንዴቷም እስከ ዛሬ አልበረደላትም። ሞትን የሚከለክል የለም፤ አነጋገሩን ግን ሰው ማበላሸት የለበትም ብላ ቆረጠች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ሰው ርቆ ሲሞት፣ ወሬውን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማናዬን ደጃፍ ሆነ። ከጅቡቲ ይምጣ፣ ከሳዑዲ ይምጣ፣ ለክርስቲያን ይሁን ለእስላም፣ ያው ነው። እሷም መጀመሪያ ጎረቤቷን ኑርሀያትን ትጠራለች። ሁለቱ ተማክረው ለዘመድ አዝማድ በጸጥታ ያሰማሉ። መርዶ የሚነገራትን ሴት በሆነ ሰበብ ከቤቷ ያርቋታል፤ ሐይቅ ገበያ እንውጣ፣ ጠበል እንሂድ፣ የታመመ እንጠይቅ ይሏታል። እሷ ስትርቅ ለለቅሶው የሚሆነው አግዳሚ ወንበር ይሰበሰባል፣ ዘመድ ከሩቅ ይደርሳል። ማታ በደንብ ትበላለች፤ መርዶ የሰማ ሰው ሦስት ቀን እህል በአፉ አይዞርምና ማናዬ በባዶ ሆድ ማንንም አርድታ አታውቅም። ከዚያ ያስተኟታል። ጎሕ ሲቀድ ይገባሉ። ኑርሀያት ከኋላ ተቀምጣ ሴትዮዋን በሁለት እጇ ታቅፋለች፣ ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል። ማናዬ ከፊት ትናገራለች። የሟቹን ስም ከነአባቱ ትጠራና «ሞቷል» ትላለች፤ «ትንሽ አሞት ነበር» ብሎ መጀመር የለ፣ መጎተት የለ። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ሲያደርጉ ኖሩ። ማቀፍ የኑርሀያት፣ መናገር የማናዬ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ማናዬ ለብቻዋ አረዳች። የኑርሀያት ልጅ ጠሃ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሲል ባሕር ላይ የቀረ ጊዜ። ኑርሀያትን ማን ያቅፋት? ሁለት ጎረምሶች ከኋላ አቆመች። በዋዜማው ማታ ገንፎ አገንፍታ፣ በቅቤና በርበሬ አድርጋ «ይቺን ብቻ፤ ከዚህ በኋላ አልለምንሽም» እያለች አንድ ገበታ ሙሉ አበላቻት። ኑርሀያት ጨርሳ በላች። ከዚያ ወዲህ ማናዬ ስለ ሥራዋ ሲነሳ «ኑርሀያትን እንኳ ሳላስነቃት ነው ያረዳኋት» ትል ነበር። ለጉራ አይደለም፤ ግን እንደው ትንሽ ጉራም አለበት።

የኋላሸት ደግሞ በውጫሌና በሐይቅ መሐል ባጃጅ ነጂ ነበር። በ2010 ለውጡ ሲመጣ ባጃጁ ላይ ባንዲራ ሰቅሎ፣ «እማ፣ አሁን አገር ልትስተካከል ነው» እያለ ሌላ ወሬ አጣ። እናትየው «ትስተካከል፤ አንተ ብቻ ሚስት አግባ» ትለው ነበር። ሚስቱንም ሳያገባ አገሩም ሳይስተካከል ጦርነቱ ደረሰ። በ2014 ጥቅምት ላይ ከባድ መሣሪያው ከወልድያ በኩል ሲቀርብ እናቱን የጭነት መኪና ላይ ሰቅሎ፣ ጋቢዋን በትከሻዋ አጣፍቶ፣ «ደሴ ስትደርሺ እደውላለሁ» አላትና ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጠመንጃ ይዞ ቀረ። እሷ ደሴ ደረሰች፤ ደሴም ተያዘች። ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ስህን ቤት። ስልኩ አልጮኸም።

እንግዲህ በዚያ እሑድ የተወሰደችው ከለውጡ ወዲህ ለሕዝብ ከተከፈቱት መናፈሻዎች ወደ አንዱ ነው፤ ግማሹ የአራዊት፣ ግማሹ የዕፅዋት ማሳያ። በሩ ላይ ዘበኛ፣ ከበሩ ወዲያ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ጸጥታም አለው። ማናዬ ይህን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለችና ከበሩ ጎን ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው እትዬ፣ ደከመዎት?» አለ አምሳሉ።

«ኧረ አልደከመኝም። እናንተ ግቡ። እኔ እዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ።»

ሐይቅ እስጢፋኖስ እንደዚያ ነው። ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ይገባሉ፣ ሴቶች ከድንበሩ ወዲህ ቀርተው ይሳለማሉ። ማናዬ ዕድሜዋን ሙሉ ዛፍ የከበበውና ዘበኛ የቆመበት በር ሲገጥማት የምታደርገው ይኼንኑ ነው። ስህን ነገሩ ሲገባት ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሳቁ ካለቀ በኋላም እንባው አልቆመም። «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት» አለች ማናዬ በሆዷ፣ ተነሥታም ገባች።

አንበሳው ተኝቶ ነበር። ከመስተዋቱ ወዲህ ሰው ሁሉ ያፏጫል፣ ይጠራዋል፤ እሱ ጭራሽ ዓይኑንም አልገለጠ። ማናዬ ጠጋ ብላ አየችው።

«ተዉት እንጂ። እንደኔው ተፈናቃይ ነው» አለች። «ከቤቱ አምጥተው የሰው ቤት አስቀምጠውታል፤ ቀለቡን ይሰጡታል፤ በልቶ ይተኛል። ሌላ ምን ያድርግ?»

አጠገባቸው የቆሙ ሰዎች ሳቁ። ስህን ግን «ቤታችን የሰው ቤት ሆነብሽ?» ብላ አንገቷን አቀፈቻት፤ ቶሎም አልለቀቀቻትም።

ከአንበሳው ወዲያ በሰፊው የታጠረ ሜዳ ላይ ድኩላ አለ። ማናዬ እሱን ስታይ ፊቷ በራ። ድኩላ የአገሯ ነው፤ ማታ ማታ ከዳገቱ ወርዶ መንገድ ያቋርጣል። የኋላሸት አንድ ምሽት ድኩላ አልገጭም ብሎ ባጃጁን ከነተሳፋሪው ቦይ ውስጥ ከትቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት ከርሞ ነበር። ያንን ለአምሳሉ እየሳቀች ነገረችው፤ ከዚያም ነጠላዋን አደገደገችና ከአጥሩ ፊት ቆመች።

«አምሳሉ፣ ፎቶ አንሳኝማ። ድኩላው ከኋላዬ ይግባ። ስልኩ ሲከፈት ለየኋላሸት ትልክልኛለህ፤ ይሳቅበት።»

አምሳሉ የራሱን ስልክ አወጣ። አንድ አነሣ፣ ሁለት አነሣ። «ተበላሽቷል፣ እንደገና» አለ። በሦስተኛው ጊዜ ስልኩን ዝቅ አድርጎ በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ። «ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችው» አለ። ፀሐይ ከኋላው ነበረች። ማናዬ ይህን አይታለች፤ አይታ ግን አሳለፈችው።

የዕፅዋቱ ክፍል ሲደርሱ ነገሩ ሁሉ ተረሳት። እዚያ እያንዳንዱ ዛፍ በቆርቆሮ ላይ ስሙ ተጽፎለት፣ ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮለት ቆሟል። አስጎብኚዋ ወጣት ልጅ በትሕትና «እማማ፣ ይህ ደግሞ ክትክታ ይባላል» አለቻት።

«ክትክታ!» አለች ማናዬ። «ልጄ፣ ይኼንን እኮ እኛ አጥር ነው የምናጥርበት። ለዚህ ነው ገመድ ያሰራችሁለት? ሊያመልጥ ነው?»

ልጅቷ አልተቀየመችም። ስለሌላውም ጠየቀቻት። ማናዬ እንዶዱ መቼ እንደሚለቀም፣ የትኛው ወይራ ለሞፈር የትኛው ለጭስ እንደሚሆን፣ ቀበሪቾ በአገሯ እየጠፋ መሆኑን ነገረቻት። ልጅቷ ማስታወሻ አውጥታ ጻፈች። ያን ግማሽ ሰዓት ማናዬ ተፈናቃይ አልነበረችም፤ የማሳዋ ባለቤት ነበረች፤ ደስ አላት። ከጥቅምት ወዲህ ደስ ሲላት ገና ያን ቀን መሆኑ ነው።

ከዚያ በግቢው ውስጥ ካለ ምግብ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጥብስ መጣ፣ በዝቶ መጣ። ወዲያው የአምሳሉ ስልክ ጮኸ። ማናዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። «የኔ ነው፣ የሥራ ሰው ነው» ብሎ ተነሥቶ ራቅ አለ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ዛፍ ተጠግቶ አወራ። ነፋሱ ግን ወደነሱ ነበርና «ደብረ ብርሃንን አለፋችሁ?» ሲል ሰማችው። በእሑድ ምድር ከደብረ ብርሃን የሚመጣ የሥራ ሰው ምን ዓይነት ነው?

ስህን እንጀራውን በጥብሱ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ሁለተኛም አጎረሰቻት። ራሷ አንድም ጊዜ አልቀመሰችም።

«በቃኝ፣ እኔን ያስቀድመኝ፣ አንቺ ብይ እንጂ።»

«ይቺን ብቻ እቴቴ፤ ከዚህ በኋላ አልለምንሽም» አለች ስህን።

ማናዬ አፏን ከፍታ ጉርሻውን ተቀበለች። ማኘክ ጀመረችና አቆመች።

ቃሉ የራሷ ነበር። ስህን የአሥር ዓመት ልጅ ሆና በየለቅሶ ቤቱ ገበታ ተሸክማ ከኋላዋ ትከተል ነበር፤ ይህን ቃል ስንት ማታ ሰምታዋለች። ዛሬ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። ማናዬ የልጅቷን ፊት አየች። ከዚያ ጧት የተወሰደባትን ስልክ፣ በሩ ላይ ያልቆመውን እንባ፣ ከኋላው የነበረችውን ፀሐይ አሰበች። የኋላሸት የለም። እሷ ከቤት እንድትርቅ ነው አራዊት የመጣው፤ አሁን እቤት አግዳሚ እየገባ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወዲህ እየመጣ ያለው ዘመድ ነው።

ጉርሻው አፏ ውስጥ አለ። አልወርድ አላት። ያን ጊዜ ነው ኑርሀያት ትዝ ያለቻት፣ ገንፎውን በጸጥታ፣ አንድ ጊዜም ቀና ሳትል ጨርሳ የበላችው። ኑርሀያት ሃያ ምናምን ዓመት ከጎኗ ሆና ስታበላ የኖረች ሴት፣ ያን ማታ ሳታውቅ ነው የበላችው? ማናዬ ምን ዓይነት ሞኝ ነበረች! አውቃለች። አውቃ፣ ለማናዬ ብላ፣ የልጇን መርዶ በቅቤ ዋጠች። ሌሎቹስ? ያቺ «እህል እህል አላለኝም» ስትል ቆይታ ድንገት መብላት የጀመረችው? ያ ሽማግሌ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ፊቷን አተኩሮ ያያት? ስንቶቹ አውቀው ዝም ብለውላት ይሆን? ማናዬ አፈረች። ከኀዘኗ ጋር እኩል አፈረች።

ጉርሻውን ዋጠችው።

«ጣፈጠኝ። ጨምሪልኝ» አለች።

ሳህኑ እስኪነጻ በላች። ብትጠይቅ ስህን እንደምትነግራት ታውቅ ነበር፤ ልጅቷ እዚያው ሰው መሐል ትፈርሳለች። ያቺ ሽንኩርት ሻጭ የደረሰባት በስህን እንዲደርስ አልፈለገችም። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ማናዬ ለራሷም ቀስ ብላ ነው ያመነችው። እስካልተነገራት ድረስ ልጇ አልሞተም። ይህች ቀን የመጨረሻዋ ናት፤ ነገ ጧት ታልቃለች። ስለዚህ አምሳሉ «እንግዲህ እንሂድ?» ሲል «ያን ወዲያ ያለውን አላየነውም» አለች።

አዩት። ከዚያ ወዲያ ያለውንም አዩት። ዝንጀሮውን፣ ኤሊውን፣ ሰጎኑን። ስሙን የማታውቀው ዛፍ ሲገጥማት ስህንን ቆርቆሮውን አስነበበቻት፤ የምታውቀውንም አስነበበቻት። አንዱን ዛፍ ሁለት ጊዜ ዞረችው። እግሯ አበጠ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ ሄደች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ፊሽካ ነፋ።

«ሰዓት ደርሷል እናቴ፤ ልንዘጋ ነው» አላት።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድኩላውን።»

«ነገ ይመለሱ እማማ፤ ነገም አለ።»

«ነገ አልችልም» አለች ማናዬ። ዘበኛው ፊቷን አየና መንገዱን ለቀቀላት። ድኩላው ግን ወደ ማደሪያው ገብቶ ነበር፤ ሜዳው ባዶ ነው። ትንሽ ቆማ ሜዳውን አየችውና ተመለሰች።

ማታ «ደክሞኛል» ብላ በጊዜ ተኛች፤ እነሱም አመኗት፣ ወይም እንዳመኗት ሆኑ። ጎሕ ሲቀድ በሩ ሲከፈት ማናዬ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ የጆሮዋን ጉትቻ አውልቃ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደ በሩ ዞራ ተቀምጣ ነበር። የሰፈሩ ቄስ ገቡ፤ ጎረቤቶች ገቡ፤ አምሳሉና ስህን እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። መጨረሻ ላይ የመንገድ አቧራ ገና ከቀሚሷ ያልተራገፈ ሴት ገባች። ኑርሀያት ነበረች። ማናዬን የከተማ ሰው ብቻውን አያረዳትም ብላ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ከውጫሌ ተነሥታ፣ ጎረቤት ቤት ያደረች።

«ማናዬ» አለች ኑርሀያት። እግሯ የለመደበት ወሰዳትና ዞራ ከማናዬ ኋላ ተቀመጠች፤ በሁለት እጇም አቀፈቻት።

አምሳሉ ስህንን አየ። ስህን ቄሱን አየች። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መስቀላቸውን አሻሹ፣ ከማናዬ ኋላ ያለችውን ኑርሀያትን አዩ። ኑርሀያት ግን ዕድሜዋን ሙሉ አቀፈች እንጂ ተናግራ አታውቅም፤ እጆቿን ማናዬ ደረት ላይ አጥብቃ ቆለፈች። ሁሉም የሚናገረውን ሰው ይጠብቃሉ። ማናዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። ስህን ስትታይ በጣም ታሳዝናለች፤ እንደ ልጅነቷ አፏን ከፍታ ቆማለች፣ ቃሉ አልወጣ ብሏታል።

«የኋላሸት ሽታው ሞቷል» አለች ማናዬ።

በሰው ቤት ሁሉ ስትናገር በኖረችበት በዚያው ድምፅ ነበር የተናገረችው። ከዚያ ወደ ኋላዋ ወደቀች፤ ኑርሀያትም ያዘቻት።